ማን አየው? ፍቅር እስከ መቃብርን በጋዜጠኛ ዓይን ማንበብ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ አማኑኤል ባለችው ትንሽ አዳራሻችን ለወጣቶች ኅብረት የቤት ሥራ ሰጠሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አልሰማ ስላለ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁት፦ «ከፍቅር እስከ መቃብር አንድ ድርጊት ምረጡ። በእውነት እንደ ተፈጸመ ቁጠሩና ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የጋዜጣ ዜና አድርጋችሁ ጻፉ።»

አንዳንድ ወላጆች «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልብ ወለድ ምን ይሠራል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ረጅም አይደለም። ልጆቻችን መጽሐፉን በትምህርት ቤት ያነቡታል፣ ወላጆቻቸውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። ታሪኩም የሩቅ አገር አይደለም። ማንኩሳ ከኛ በባሕር ዳር መንገድ ሄዶ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። በደጃችን ያለውን መጽሐፍ በጥንቃቄ ማንበብ ካልተማርን፣ ሌላውንም መጽሐፍ በጥንቃቄ አናነብም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ ወረቀት ተሰበሰበ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የጻፉት ስለ አንድ ድርጊት ነበር፤ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ መማረክ። መጽሐፉን ላላነበባችሁ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ ባላባት ናቸው። ባላገሮቻቸው ከተለመደው በላይ ተጠየቅን፣ አንከፍልም ብለው እምቢ ይላሉ። ፊታውራሪው «እንዴት ተደፍሬ!» ብለው ጦር አሰልፈው ይዘምታሉ። በአበጀ በለው የሚመሩት ባላገሮች ግን ያሸንፋሉ፤ ሊያስገብሩ የሄዱት ፊታውራሪም ተማርከው ያርፉታል።

ከወረቀቶቹ ሦስቱን ላሳያችሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ጸሐፊዎቹም ፈቅደዋል።

የመጀመሪያው እንዲህ ይጀምራል፦ «ሕዝብን ሲመዘብር የኖረው ጨካኙ ፊታውራሪ መሸሻ በመጨረሻ የእጁን አገኘ! ለዘመናት በግፍ ሲማቅቅ የነበረው ጀግናው ሕዝብ እንደ አንበሳ ገንፍሎ ተነሣ!» ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ እርሳስ ሰጠሁትና «ያየኸውን ሳይሆን የተሰማህን የሚናገረውን ቃል ሁሉ ሰርዝ» አልሁት። ጨካኙ ተሰረዘ፤ ጀግናው ተሰረዘ፤ እንደ አንበሳ ተሰረዘ፤ የእጁን አገኘም ተሰረዘ። ከገጹ ሙሉ ጽሑፍ የቀረው «ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሮች ተማረኩ» የሚል ብቻ ነበር። የት? ምን ያህል ሰው ነበር? ጠቡ በምን ተነሣ? የለም። ልጁ ፍትሕን መውደዱ ያስመሰግነዋል። ሆኖም የተበደለውን ሰው የወደደ ጸሐፊ በደሉ ምን እንደ ሆነ ሳይነግረን ቀረ። ቁጣው የባላገሩን አቤቱታ ሸፈነው።

ሁለተኛው ብልጥ ነው። በዘመኑ የመኳንንት ወገን የሆነ ጋዜጣ ቢኖር ምን ይጽፍ ነበር ብሎ አስቦ ጻፈው፦ «ጸጥታ የማይወዱ አንዳንድ ሰዎች በተከበሩ መኳንንት ላይ እጃቸውን አንሥተዋል። ጉዳዩ በሽማግሌና በሕግ እየታየ ነው።» ይህን ሲያነብ ሁሉም ሳቀ፤ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ሰምተን እናውቃለንና። ከዚያ ግን ጠየቅኋቸው፦ «ውሸቱ የቱ ላይ ነው?» ዝም አሉ። እጅ ተነሥቷል፤ መኳንንቱም የተከበሩ ናቸው። የተጨመረ ውሸት አልተገኘም። ውሸቱ የተቀነሰው ነገር ነው፦ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከዜናው ወጥቷል። ከመጀመሪያው ወረቀት ይልቅ ይህኛው ያስፈራል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ይጮኻልና እንጠነቀቀዋለን፣ ሁለተኛው ግን ረጋ ብሎ ያልፈናል።

ሦስተኛውን የጻፈችው በጣም ዝምተኛ የሆነች እኅታችን ናት፦ «ከተለመደው ግብር በላይ አንከፍልም ያሉ ባላገሮች፣ ሊያስገብሯቸው የዘመቱባቸውን ፊታውራሪ መሸሻን ማረኩ። የባላገሮቹ መሪ አበጀ በለው የተባለ ሰው ነው። ባላገሮቹ የተጠየቁት ከወግ ውጭ ነው ይላሉ። በፊታውራሪው በኩል ግን ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆኖ ታይቷል።» ከዚህ በታች በኅዳጉ ላይ ለራሷ ማስታወሻ ጽፋለች፦ «ፊታውራሪው ሲማረኩ በልባቸው ምን እንዳሰቡ መጽሐፉ ይነግረናል። እኔ ግን አልጻፍሁትም። ማን አየው?»

ይህች «ማን አየው?» የምትል ጥያቄ የቤት ሥራውን ሁሉ አዲስ አደረገችብኝ። እኔ የሰጠኋቸው ዜና መጻፍ ይለምዱ ብዬ ነበር፤ እርስዋ ግን ወደ ሂሱ ወሰደችን።

ጋዜጠኛ ምስክር ያለውን ብቻ ይጽፋል። ምስክር ደግሞ ዓይንና ጆሮ እንጂ ወደ ሰው ልብ የሚገባበት በር የለውም። ስለዚህ ከልብ ወለድ ውስጥ አንድ ድርጊት አውጥተን ዜና ስናደርገው፣ ወንፊት ላይ እንዳለ እህል ይለያያል። ምስክር ሊያየው የሚችለው ከታች ይወርዳል፤ ከላይ የቀረው ሁሉ ደራሲው ብቻ ሊሰጠን የሚችለው ነው። አንድ ደራሲ ምን እንደ ሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ወንፊቱ ላይ የቀረውን እዩ።

በፍቅር እስከ መቃብር ወንፊቱ ላይ የቀረው ምንድን ነው? መጀመሪያ የፊታውራሪ መሸሻ ልብ። ፊታውራሪው ክፉ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መማረካቸው ያስደስተንና ይረሳ ነበር። ሐዲስ ግን ኩራታቸውን ከውስጥ ያሳዩናል። ያስቁናል፣ ቀጥሎም ያሳዝኑናል። ሰውየው ከዘራቸው ክብር ሌላ የቆሙበት መሬት የላቸውም፤ ያ ሲናድ ከእግራቸው በታች ምንም አይቀርም። ደራሲው ራሳቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። መማረክ ምን እንደ ሆነ በሰውነታቸው ያውቁታል። ለዚህም ይመስለኛል የሚጠሉትን ሥርዓት ሲያዋርዱ ሰውየውን ከሰውነት ተራ የማያወጡት።

ሁለተኛው የቀረው ነገር የምክንያት ሥር ነው። ከአሥራ አንዱ ወረቀት ሁለቱ ስለ በዛብህ ሞት ነበሩ። በዛብህ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ የገባ፣ የድኃ ልጅ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ የቅኔ ተማሪ ነው። በመጨረሻ በመንገድ ላይ ወንበዴዎች ያቆስሉትና ይሞታል። አንደኛው ልጅ ይህን ዜና በሁለት መስመር ጨረሰው፦ «አንድ መንገደኛ ወንበዴዎች ባደረሱበት ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። መንገደኞች እንዲጠነቀቁ ይመከራል።» ሳቅን፤ ግን ትክክል ነበር። ጋዜጣ ከዚህ በላይ የሚለው የለውም። የፊታውራሪው መማረክ በፊት ገጽ በትልቅ ፊደል ይወጣል፤ የበዛብህ ሞት በኋላ ገጽ ከጠፋ በቅሎ ማስታወቂያ አጠገብ ይገባል። አንባቢውም ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ፈጽሞ አያውቅም።

አንድ ነገር ናቸው። ፊታውራሪውን በባላገሩ ላይ ያዘመታቸው ኩራት ልጃቸውን ሳትዳር ያስቀራት ኩራት ነው። ለሰብለ የሚመጣው ባል ሁሉ በዘር ሚዛን እየተመዘነ ሲቀልልባቸው ልጅቱ ዕድሜዋ ሄደ። በዛብህ ቤታቸው ሲገባ ፍቅሩ ወንጀል የሆነው በዚሁ ሚዛን ነው። ያ ሚዛን በአንድ በኩል ባላገሩን አስነሣ፣ በሌላ በኩል በዛብህን መንገድ ላይ አስቀረው። ጋዜጣው በሁለት ገጽ የሚለያያቸውን ልብ ወለዱ ከአንድ ሥር ያወጣቸዋል። የመጽሐፉ ትልቅነት ለኔ እዚህ ላይ ነው። የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው የሚሉት ግማሹን አንብበዋል፤ የባላገር ትግል ታሪክ ነው የሚሉትም ሌላውን ግማሽ።

የመጽሐፉን ጉድለትም ይኸው ወንፊት ያሳየናል። ጉዱ ካሣን የማይወድ የለም። በማኅበረሰቡ ዘንድ እንደ እብድ የሚቆጠር፣ ግን እውነቱን የሚናገር ሰው ነው። ወጣቶቹ ንግግሮቹን ወደ ዜና ሊቀይሩ ሲሞክሩ ግን አልሆነላቸውም። አንዱ «መምህር፣ ይኼ እኮ ዜና አይደለም፣ ርዕሰ አንቀጽ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ጉዱ ካሣ አንዳንድ ጊዜ የመጽሐፉ ርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊ ይሆናል። ደራሲው ስለ ሥርዓቱ የሚያስቡትን ረጅም አድርጎ ይናገራል፤ ታሪኩም ቆሞ ይጠብቀዋል። አርታኢ ቢሆኑ ኖሮ ትቀንሱለት ነበር? እኔ ጥቂት እቀንስ ነበር። የባላገሩን ነገር በልቤ ያስገባው የካሣ ንግግር አይደለም፤ ፊታውራሪው ጦር ይዘው ሲወጡና ተማርከው ሲቀሩ ማየቴ ነው።

እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ወጣ ብለን ወደ አገራችን ታሪክ እንመልከት። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ፤ የጎጃም ገበሬም አንከፍልም ብሎ ተነሣ። ነገሩ በጦር ኃይል ጭምር ታፍኖ ብዙ ሰው ተጎዳ፣ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ። ስለዚህ በልብ ወለድ ከተጻፈው እምቢታ በሁለት ዓመት ውስጥ እውነተኛው እምቢታ በዚሁ ምድር ተፈጸመ። ይህን ትንቢት አልለውም። ሐዲስ ያደጉበትን አገር በደንብ ስላዩ፣ ዜናው ከመድረሱ በፊት የዜናው ምክንያት ታይቷቸው ነበር። ጋዜጣ እሳቱ ሲነሣ ይደርሳል፤ ጥሩ ልብ ወለድ ግን እንጨቱ ሲደርቅ ያያል።

በተቃራኒው መንገድ የሄደም አለ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፤ አዲስ ዘመንን ጨምሮ የታወቁ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን አዘጋጅቷል፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆኖ ሠርቷል። የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከቅርብ አይቷል። በዜና ሊጻፍ ያልቻለውን በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ በሚል ልብ ወለድ ጻፈው፤ ዋና ገጸ ባሕርዩም ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ዜና «ለምን?» የሚለውን እንዳይጠይቅ ሲከለከል ጥያቄው ልብ ወለድ ውስጥ ይጠለላል። እኛ በአዳራሻችን ልብ ወለዱን ወደ ዜና ስንቀይር እንደ ጨዋታ ነው፤ በዓሉ ግርማ ግን ዜናውን ወደ ልብ ወለድ ሲቀይር የከፈለው ከባድ ነበር።

የሚገርመው ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ቅዱሳችንም አለ። የሳኦልን ሞት ሁለት ጊዜ እናነባለን። በመጀመሪያው ሳሙኤል መጨረሻ ምዕራፍ ሳኦል በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። በሁለተኛው ሳሙኤል መጀመሪያ ግን አንድ አማሌቃዊ ልብሱን ቀድዶ፣ በራሱ ላይ ትቢያ ነስንሶ ወደ ዳዊት ይመጣና እኔ ገደልሁት ይላል። አክሊሉን ይዟል፤ ማስረጃው በእጁ ነው። ቦታውም፣ ሟቹም፣ ሽንፈቱም እውነት ነው። ያልሆነው የርሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ ሽልማት ፈልጎ ራሱን ዜናው ውስጥ አስገባ። ሐዘኑም፣ ትቢያውም፣ አክሊሉም ዜናውን እንድናምን ያደርጉናል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያላነበበ ሰው ሊጠራጠረው አይችልም። ሉቃስ ደግሞ ወንጌሉን ሲጀምር ከዓይን ምስክሮች የተቀበለውን ከመጀመሪያው ተከታትሎ እንደ ጻፈ ያስቀድማል። የእኅታችን «ማን አየው?» የሚል ጥያቄ ከእርሱ ጋር ይስማማል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እርሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም ከኅብረታችን ቀረ። ሁለት ወር ያህል አልታየም። በጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥቼ «ስለ እገሌ እንጸልይ፤ ገንዘብ ፍለጋ ልቡን ወስዶታል» አልሁ። ከልቤ ነበር፣ እንባም ነበረኝ። ጸለይን። ገንዘብ ፍለጋ ልቡን መውሰዱን ማን አየው? ማንም። ያየነው መቅረቱን ብቻ ነው። አንድ ሰው ከገበያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ እንዳየው ነግሮኝ ነበር፤ የቀረውን እኔ ሞላሁት። በኋላ እንደ ሰማሁት አባቱ ታመው የቤቱ ጣጣ በርሱ ላይ ወድቆ ነበር። የእኔ «የጸሎት ርዕስ» ከርሱ ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ጆሮው ደረሰ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅር አለኝ። ወደ ኅብረቱ ግን አልተመለሰም።

ያደረግሁት ነገር ምን እንደ ነበር የገባኝ ያችን የኅዳግ ማስታወሻ ሳነብ ነው። የደራሲን ሥልጣን ወስጄ በምስክር ቦታ ቆሜ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በፊታውራሪ መሸሻ ልብ ውስጥ መግባት ይችላሉ፤ ፊታውራሪውን የፈጠሯቸው እርሳቸው ናቸውና። እኔ ግን ያንን ወንድም አልፈጠርሁትም። የሰውን ልብ የሚያውቀው ሠሪው ነው። ልብ ወለድ ስናነብ በሰው ልብ ውስጥ መመላለስ እንለምዳለን፤ ይህ ልምድ ርኅራኄን ያስተምረናል፣ ሌላው ሰውም እንደኛ ውስጥ እንዳለው ያሳስበናል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተን ወደ ጎረቤታችን ስንዞር በዚያው ድፍረት ከገባን፣ ርኅራኄው ሐሜት ይሆናል። ልብ ወለድ ጎረቤታችንም ልብ እንዳለው ያስታውሰናል፤ ዜና ደግሞ ያ ልብ ለኛ እንዳልተከፈተ። ሁለቱንም የሚለምድ ወጣት አፉን መጠበቅ ይቀለዋል።

ይህን የቤት ሥራ በየኅብረታችሁ ብትሞክሩት እወዳለሁ። ከምታውቁት ልብ ወለድ አንድ ድርጊት ምረጡ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ከመጽሐፉ ፈልጉ። መጽሐፉ ቀኑን ካልነገራችሁ ቀን አትፍጠሩ። የሁለቱን ወገን ቃል አስገቡ፤ የትልቁን ሰው ስም ከጻፋችሁ የባላገሩንም ስም ጻፉ። ከዚያ እርሳስ አንሡና ምስክር የሌለውን ሁሉ ሰርዙ። በመጨረሻ የሰረዛችሁትን ደግማችሁ አንብቡ፤ ደራሲው የደከመው እዚያ ነው።

እኛ ጋ ያ ወረቀት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከጥቂት ሳምንት በፊት በጸሎት ሰዓት አንድ ልጅ ተነሥቶ ስለ አንዲት እኅት መናገር ጀመረ። ግማሽ ላይ ወደ ግድግዳው አየና ቆመ። ከዚያ «ሁለት እሑድ አልመጣችም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ጸለይን፤ ከፕሮግራሙም በኋላ ሁለት እኅቶች ቤቷ ድረስ ሄደው ጠየቋት።